ቢጫ ቅጠል ሁሉ ዩሪያ አይጠይቅም፦ በመካነ ሰላም አካባቢ ደጋ የሰብል ንጥረ ነገር ችግርን ስለ መለየት

በነሐሴ ወር በመካነ ሰላም ዙሪያ ባሉ ማሳዎች መካከል ለሚያልፍ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። በአንድ ማሳ ውስጥ እንኳ ስንዴው ከፊሉ ለምለም፣ ከፊሉ ገርጥቶ ቢጫ ነው። ለዚህ ገጽታ ከአርሶ አደሩም ከባለሙያውም በብዛት የሚሰማው ማብራሪያ «ዩሪያ አነሰው» የሚል ነው። ማብራሪያው ብዙ ጊዜ ትክክል ሊሆን ይችላል። ስሕተት በሆነበት ጊዜ ግን አርሶ አደሩ በውድ ዋጋ የገዛው ማዳበሪያ ያለ ጥቅም ይባክናል፣ ትክክለኛውን መፍትሔ ለመስጠት የነበረው አጭር ጊዜም ያልፋል። በእኔ እምነት በአካባቢያችን የጎደለው ከማዳበሪያው መጠን ይልቅ ማዳበሪያው ከመበተኑ በፊት ሊደረግ የሚገባው ምርመራ ነው።

የምርመራው መነሻ በማንኛውም የሰብል ፊዚዮሎጂ ትምህርት ውስጥ አለ። ተክል ለዕድገቱ የግድ ከሚያስፈልጉት 17 ንጥረ ነገሮች መካከል ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም በተክሉ ውስጥ በቀላሉ ይንቀሳቀሳሉ። እጥረት ሲደርስ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል እየወሰደ ለአዲሱ ስለሚሰጥ ምልክቱ አስቀድሞ በታችኛው ቅጠል ላይ ይታያል። ድኝ፣ ካልሲየም፣ ብረትና ቦሮን ግን እንደዚያ አይንቀሳቀሱም፤ የእነርሱ እጥረት የሚጀምረው ከለጋው ቅጠል ነው። ስለዚህ «ቅጠሉ ቢጫ ሆነ» ከማለት በፊት «የትኛው ቅጠል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የታችኛው ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ ከገረጣ ናይትሮጅን መጠርጠሩ ተገቢ ነው። የላይኛው ከገረጣና የታችኛው አረንጓዴ ከሆነ ግን ዩሪያ መጨመር ጥያቄውን አይመልስም።

ይህ እውቀት ብቻውን ደግሞ ያሳስታል። በዋልካ አፈር ላይ የተዘራ ስንዴ በሐምሌና በነሐሴ ውኃ ሲተኛበት ሥሩ አየር ያጣል፣ ቅጠሉም ልክ እንደ ናይትሮጅን እጥረት ከታች ጀምሮ ይገረጣል። በአንድ በኩል ይህ እውነተኛ የናይትሮጅን እጥረት ነው፤ አየር በሌለው አፈር ውስጥ ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሬቱን ወደ ጋዝ ስለሚለውጡት። ይሁን እንጂ በዚያ ሰዓት ዩሪያ ቢጨመር ጥቂት ቆይቶ እርሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል። መድኃኒቱ ውኃውን ማጠንፈፍ ነው፤ ገበሬው ፈሰስ ሲያወጣ ወይም ማሳውን በሹሩቤ ሲያዘጋጅ የንጥረ ነገርን ችግር እያከመ መሆኑን የምርምር ጽሑፎቻችን ብዙም አያነሡትም። በሌላ በኩል የገብስ ቡቃያ ወደ ሐምራዊ ሲያደላ ፎስፈረስ አነሰው ይባላል፤ ነገር ግን በብርዳማው ደጋ ቅዝቃዜ ብቻውን ይህን ቀለም ያመጣል፣ አየሩ ሲሞቅም ቀለሙ ይጠፋል። ቢጫ ዋግም በመጀመሪያው ሰሞን ከሩቅ ሲታይ ሰብሉን የገረጣ ያስመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገሪቱ የስንዴ ማሳዎች ላይ ያደረሰውን ጉዳት ለሚያስታውስ ሰው፣ ቅጠሉን በጣት አሽቶ በደም ሥሮቹ መካከል የተሰለፈ ቢጫ ዱቄት መኖር አለመኖሩን ማየት የደቂቃ ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የአፈር አሲዳማነት ነው። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ካልሲየምና ማግኒዚየም ለብዙ ዘመን ታጥበው ሲሄዱ አሉሚኒየም ይሟሟል፣ የሥርን ዕድገት ይገታል፤ የተጨመረውንም ፎስፈረስ አሉሚኒየምና ብረት ይይዙታል። እንዲህ ያለው ሰብል የፎስፈረስ እጥረት ያሳያል፤ ማዳበሪያው ግን አፈሩ ውስጥ አለ፣ ተክሉ ሊያገኘው አልቻለም። በሆለታና በዝዋይ የአበባ ግሪን ሃውሶች ተክሉ ሲገረጣ መጀመሪያ የሚለካው የንጥረ ምግብ ውኃው ፒኤች ነው፤ ማዳበሪያ የመጨመር ውሳኔ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሜዳ ላይ ይህን ቅደም ተከተል የምንገለብጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ለባቄላ ደግሞ ከቤተ ሙከራ በፊት የሚቀድም ቀላል መመርመሪያ አለ። አበባ ሊያወጣ ሲል አንዱን ተክል ከነሥሩ ቀስ ብሎ ነቅሎ፣ አፈሩን አራግፎ፣ በሥሩ ላይ ያሉትን እባጮች በጥፍር መሰንጠቅ ነው። ውስጣቸው ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ባክቴሪያው ናይትሮጅን ከአየር እየወሰደ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ወይም እባጭ ከሌለ፣ የባቄላው መገርጣት ምክንያት ሥሩ ላይ ነው። አሲዳማ አፈር ባክቴሪያውን ያዳክማል፤ ለናይትሮጅን ማሰር የግድ የሚያስፈልገውን ሞሊብዲነምንም ያስራል። እንዲህ ላለው ማሳ ኖራ ከዩሪያ ይልቅ ይቀርበዋል። (የቦረናን ደጋ ከጎጃም የሚለየው የዓባይ ሸለቆ በገደሎቹ ላይ የኖራ ድንጋይ ንብርብር ይዟል። ድንጋዩ በቅርብ እያለ የተፈጨው ኖራ የሚርቀን መሆኑ ለኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ጥሩ የመመረቂያ ርእስ ይሆናል።) ኖራም ቢሆን ያለ ልክ ከተጨመረ ዚንክንና ቦሮንን ስለሚያስር ሳይለኩ መበተን አይገባም።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2012 የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ የድኝ፣ የቦሮንና የዚንክ እጥረት በብዙ ወረዳዎች ካርታ ላይ ታየ፤ ለዓመታት የኖረው ዳፕም በኤንፒኤስ ተተካ። 100 ኪሎ ግራም ዳፕ 18 ኪሎ ናይትሮጅንና 46 ኪሎ ፎስፌት ሲይዝ፣ ያው መጠን ኤንፒኤስ 19 ኪሎ ናይትሮጅን፣ 38 ኪሎ ፎስፌትና 7 ኪሎ ድኝ ይይዛል። ከዚያ በኋላ እኛ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የተለያየ የኤንፒኤስ መጠን ማዳበሪያ ካልተደረገበት መደብ ጋር ማነጻጸር ለመድን። ምርቱ ሲጨምር «ድኙ ረዳ» ብሎ መጻፍ ይቀናናል። ነገር ግን የኤንፒኤስ መጠን ሲጨምር ናይትሮጅኑም ፎስፈረሱም አብረው ይጨምራሉ፤ ከሦስቱ የትኛው እንደ ሠራ እንዲህ ያለው ሙከራ ሊነግረን አይችልም። ስፕሬንገል እ.ኤ.አ. በ1828 ያነሣው፣ ሊቢግም በኋላ ያስፋፋው ሐሳብ እጅግ ያነሰው ንጥረ ነገር ምርቱን ይወስናል የሚል ነው። ያነሰውን ለማወቅ አንዱን ብቻ ለይቶ መቀነስ ወይም መጨመር ይገባል። አማካሪዎቻችንና ገምጋሚዎቻችን በሙከራው ዕቅድ ላይ ይህን አጥብቀው ቢጠይቁ መልካም ነው።

የሚነሣው ተቃውሞ ይገባኛል። የአፈር ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ልኮ ውጤት እስኪመጣ የዘር ወቅት ያልፋል፣ ክፍያውም ለአንድ አርሶ አደር ከባድ ነው። ደግሞም አንድ ናሙና ማሳን አይወክልም። ኩበት በሚነድበት አካባቢ ናይትሮጅኑና ድኙ በአብዛኛው ከጭሱ ጋር ይሄዳሉ፤ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ አመዱ ውስጥ ቀርተው በጓሮ ይደፋሉ። ጓሮው እየወፈረ የሩቁ ማሳ ሲከሳ የአንድ ቤተሰብ ሁለት ማሳዎች ሁለት የተለያዩ ምክሮች ይፈልጋሉ። ለወረዳ የወጣ ወጥ ምክር ይህን ልዩነት አያየውም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። በአንድ ማሳ ጥግ፣ እያንዳንዳቸው 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆኑ አምስት መደቦች ይለኩ። የመጀመሪያው ምንም አይደረግበት። ሁለተኛው 40 ግራም ዩሪያ ብቻ ያግኝ፤ ይህም በሔክታር 100 ኪሎ ማለት ነው። ሦስተኛው በዚሁ ላይ 33 ግራም ትሪፕል ሱፐር ፎስፌት ይጨመርለት፤ ፎስፌቱ ከ100 ኪሎ ኤንፒኤስ ጋር ይስተካከላል። አራተኛው ከእነዚህ በተጨማሪ 15 ግራም ያህል ጂፕሰም ያግኝ፤ ድኙ በሔክታር 7 ኪሎ ይሆናል። አምስተኛው የአራተኛውን ሁሉ ይዞ፣ ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ በአፈሩ አሲዳማነት ልክ ኖራ ይደረግበት። ዩሪያው በዘርና በማቆጥቆጥ ጊዜ ተከፍሎ ይሰጥ። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ሜትር፣ ገመድና የወርቅ ቤት ዓይነት ትንሽ ሚዛን ነው። አንድ የመመረቂያ ሥራ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሠላሳ ማሳዎች ላይ ይህን ቢደግም፣ እያንዳንዱ ማሳ እንደ አንድ ድግግሞሽ ይቆጠራል፤ የዋልካውና የቀይ አፈሩ፣ የጓሮውና የሩቁ ልዩነትም በአንድ ትንተና ይታያል። ልዩነቱ ጎልቶ ከታየ አርሶ አደሩ ከእኛ ቀድሞ ያየዋል። ካልታየም የየመደቡ ነዶ ለየብቻ ታስሮ፣ ለየብቻ ተወቅቶ በዚያችው ሚዛን ይመዘን።