ሳላህ መጀመሪያ ቢመታ ኖሮ?

ክብረ መንግሥት ውስጥ የቀበሌ ወይም የትምህርት ቤት ዋንጫ በአቻ ውጤት አልቆ ወደ መለያ ምት ሲያመራ፣ ከምቱ በፊት ያለው ክርክር ከምቱ ይረዝማል። ዳኛው አሥራ ሁለት እርምጃ ቆጥሮ ቀዩ አፈር ላይ ነጥቡን በጫማው ጫፍ ያድሳል። አሰልጣኙ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ስም ይጽፋል። ተጫዋቹ፣ የቡድን መሪው፣ ባጃጁን ጥግ አስይዞ የመጣው ደጋፊ ሳይቀር ሐሳብ ይሰጣል። አምበሉ «እኔ አምስተኛ!» ይላል፤ የሚከራከረውም የለም። ከአምስቱ መስመር ቀድሞ የሚሞላው የመጨረሻው ነው።

ተሸናፊው ቡድን ወደ ቤቱ ሲመለስ ደግሞ የሚነሳው ጥያቄ ያው ነው፦ «ጎበዙን ለምን መጨረሻ አደረጋችሁት? ሳይመታ ቀረ እኮ!» ይህን ከነገሌ እስከ ሻኪሶ በየሻይ ቤቱ የምንሰማውን ወቀሳ ትልልቆቹ አሰልጣኞችም አላመለጡትም። በጥር 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ያውንዴ ላይ ግብፅ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በሴኔጋል 4 ለ 2 በመለያ ምት ስትሸነፍ፣ መሐመድ ሳላህ አምስተኛ ተብሎ ተራውን ሲጠብቅ ነበር። ሁለት ጓደኞቹ ስተው ነገሩ አለቀ። እዚህም ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠው ሁሉ በአንድ አፍ «አንደኛ ቢመታ ኖሮ» አለ።

እኔ ግን ወቀሳው ትክክል አይመስለኝም። አምስቱ መቺዎች አንዴ ከተመረጡ በኋላ፣ በመካከላቸው ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ መምታቱ በሒሳብ ብቻ ሲታይ የማሸነፍ ዕድልን አይጨምርም፣ አይቀንስምም። ለማመን ይከብዳል፤ ስለዚህ በአንድ ጨዋታ እንየው።

እ.ኤ.አ. በ2012 በአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ዶኔትስክ ላይ ስፔንና ፖርቱጋል ያለ ግብ ተለያዩ። በመለያ ምቱ ለፖርቱጋል ሞቲንሆ የመጀመሪያውን ሳተ፣ ፔፔና ናኒ አገቡ፣ ብሩኖ አልቬስ አራተኛውን ከአግዳሚው ጋር አጋጨው። ስፔን ከአምስት አራት አግብታ 4 ለ 2 ስታሸንፍ ክርስቲያኖ ሮናልዶ አምስተኛ ሆኖ ቆሞ ቀረ። እስቲ ሮናልዶንና ሞቲንሆን እናቀያይራቸው። ሮናልዶ አንደኛ መትቶ አገባ እንበል። ፔፔና ናኒ እንዳገቡ ናቸው፣ አልቬስም እንደሳተ ነው፤ ፋብሪጋስ ለስፔን አራተኛውን ጎል ያገባል። 4 ለ 3። አሁን ኳሷን የሚያስቀምጠው ሞቲንሆ ነው፤ ቀድሞ እንደሳተው አሁንም ከሳተ ፖርቱጋል በዚያው ምሽት ትሸነፋለች። የተለወጠው ተመልካቹ ሁለት ደቂቃ ዘግይቶ መውጣቱ ብቻ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። መለያ ምት ከአምስቱ በፊት የሚቋረጠው የቀሩት ምቶች ውጤቱን መለወጥ በማይችሉበት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ «ሳይመታ ቀረ» የምንለው ሰው ያልመታው ምቱ ከዚያ ወዲያ ጥቅም ስለሌለው ነው። ቀድሞ ቢመታ ኖሮ ደግሞ ከሳቱት አንዱ በእሱ ቦታ ይቆም ነበር።

ተራ የማይጠቅምበት ጨዋታ ይህ ሲሆን፣ ተራ የሚጠቅምበትም አለ። አሜሪካኖች በቤዝቦል ዘጠኝ መቺዎችን በቅደም ተከተል ያሰልፋሉ፤ ዘጠነኛው ሲጨርስ ወደ አንደኛው ይዞራል፣ ጨዋታው ዙሩ መሀል ላይ ሊያልቅ ይችላል። ከፊት የተሰለፈው እንግዲህ ብዙ ጊዜ ይመታል፤ በ162 ጨዋታ የውድድር ዘመን አንድ ደረጃ ወደ ኋላ መውረድ 18 ያህል ምት ያሳጣል። እነሱም ለብዙ አሥርት ዓመታት እንደኛው አምበል አስበው ኃይለኛውን መቺ አራተኛ ያደርጉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ቶም ታንጎና ሁለት ባልደረቦቹ ባሳተሙት መጽሐፍ ምርጦቹ አንደኛ፣ ሁለተኛና አራተኛ ይሁኑ ብለው አስልተው አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሾሄ ኦታኒን የመሰለ ኃይለኛ አንደኛ ላይ አሰልፎ አብዛኛውን የውድድር ዘመን ተጫወተ። ይህ ሁሉ ስሌት ግን ለቡድኑ በዓመት የሚጨምርለት የአንድ ጨዋታ ድል ያህል ነው። ለዚህች ትርፍ ያን ያህል መሟገታቸው ይገርመኛል።

ታዲያ እኛ አምስተኛ መሆንን ለምን እንደ ሹመት እናየዋለን? የምንኖረው ተራ ራሱ መብት በሆነበት አገር ስለሆነ ይመስለኛል። ወደ ቦረና ቱላ ጉድጓዶች ብንወርድ የማን ከብት ከማን ቀድሞ እንደሚጠጣ የሚያስከብር አባ ሄሬጋ አለ፤ ጉድጓዱን የቆፈረው ወገን ድርሻም የታወቀ ነው። እዚያ ተራ ማለት ውሃ ነው፤ የኋለኛው የሚያገኘው ከፊተኛው የተረፈውን ነው። ፔናልቲ ላይ ግን የፊተኛው የኋለኛውን ድርሻ አይጠጣበትም።

ሒሳቡ ግን አንድ ነገር አስቦ ነው የተነሳው፦ መቺው የትም ቢሰለፍ ያው መቺ ነው ብሎ። ሰው ደግሞ እንደዚያ አይደለም። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ጌይር ዮርዴት በትልልቅ ውድድሮች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ቢያገባ ቡድኑ ወዲያው የሚያሸንፍለት መቺ ከአሥር ዘጠኝ ያህል ጊዜ ያገባል፤ ቢስት ቡድኑ ወዲያው የሚሸነፍበት ግን ከአሥር ስድስት ገደማ ብቻ ነው። ኳሷም ጎሉም ያው ሆነው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሸክም አንደኛው ላይ ወድቆ አያውቅም፤ ማንም ቡድን ሦስት ምት ሳይመታ ነገሩ ስለማያልቅ አራተኛውና አምስተኛው ላይ ነው የሚከመረው፤ ይልቁንም ሁለተኛ በሚመታው ቡድን ላይ።

እ.ኤ.አ. በ2021 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ የጣሊያኑ ጆርጂንሆ አምስተኛውን ሳተ፤ ለእንግሊዝ የቀረው አምስተኛ ምት ካልገባ ዋንጫው ሄደ። ያን ምት የመታው የ19 ዓመቱ ሳካ ነበር፣ ዳነበትም። ልጁ መምታት አያውቅም የሚል የለም። ከባዱን ሸክም ለማን እንጣል ተብሎ ስለመታሰቡ ግን እጠራጠራለሁ። በዚህ በኩል ካየነው ሳላህን አምስተኛ ማድረግ የሚያስወቅስ አይደለም፤ ሴኔጋልም አምስተኛ ያደረገችው ሳዲዮ ማኔን ነበር። በመደበኛው ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ፔናልቲ የሳተው ማኔ የመጨረሻውን አግብቶ ዋንጫውን ወሰደ። ሳላህን ያሸነፈው ማኔ የተሰለፈበት ያው ቦታ ነው።

እንግዲህ ወረቀቱ መጻፍ ያለበት የትኛው ቡድን ቀድሞ እንደሚመታ የሚለየው ሳንቲም ከተጣለ በኋላ ነው። ሁለተኛ የምንመታ ከሆነ አራተኛና አምስተኛ ላይ የሚሰለፉት የማይደነግጡት ናቸው፤ አምበሉ ከእነሱ አንዱ ከሆነ ጥሩ፣ ካልሆነ ሁለተኛ ይምታ። በየሜዳችን የማየው ግን ወረቀቱ ከሳንቲሙ በፊት ሲያልቅ ነው።

ከተራው ሁሉ የሚበልጠው አምስቱን መምረጡ ነው። ኮከቡ አጥቂ በሩጫ ላይ ያገባል እንጂ ቆሞ መምታት ሌላ ሥራ ነው፤ ተከላካዩ ይበልጠው ይሆናል። ይህ የሚታወቀው በጩኸት አይደለም፣ በመዝገብ ነው። ልምምዱ ካለቀ በኋላ፣ ልጆቹ ደክሟቸው እግራቸው ሲዝል፣ ሁለት ሁለት ምት አስመትቶ መጻፍ ደብተርና እርሳስ ብቻ ይፈልጋል። ፈቃደኝነቱም ቀድሞ መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሆላንድ በአርጀንቲና ስትሸነፍ፣ አሰልጣኙ ቫን ሃል የመጀመሪያውን እንዲመቱ የጠየቃቸው ሁለት ተጫዋቾች እምቢ እንዳሉት ተናግሯል። ተከላካዩ ቭላር ገባ፤ ሳተ። በዚያ ደረጃ እንዲህ ከሆነ የእኛ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ጫማዬ ተቀደደ ቢል አይፈረድበትም።

ተራ በእርግጥ የሚሠራው ከስድስተኛው ጀምሮ ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጥንድ ምት ጨዋታውን ሊዘጋው ስለሚችል፣ የኋላው በእውነት ሳይመታ ሊቀር ይችላል፤ የተረፉት ጎበዞች መቅደም አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ባታ ላይ አይቮሪኮስት የመጀመሪያ ሁለቱን ስታ ከጋና ጋር እስከ አሥራ አንደኛው ሄደች። በረኛው ቡባካር ባሪ የጋናውን በረኛ ምት አዳነና ራሱ መትቶ አገባ፤ 9 ለ 8። የእኛ ወረቀት ግን አምስት መስመር ላይ ያልቃል፤ ስድስተኛው ሲደርስ «ማን ይምታ?» የሚል ጩኸት ይነሳል፣ የሚመታውም ቀድሞ እጁን ያወጣው ነው። መስመሩ አሥራ አንድ ይሁን፤ በረኛውም ይግባበት። በየልምምዱ ሲመታበት ይውላል እንጂ አንዴም «አንተስ ሞክር» ያለው የለም።