ከመጠምጠም መማር ይቅደም

በክረምት ወደ ሐይቅ በሄድሁ ጊዜ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስደው ውጤት የሚጠባበቁ ሦስት ልጆች አግኝቼ ነበር። «ዩኒቨርሲቲ ብትገቡ ምን ልትማሩ አስባችኋል?» ብዬ ብጠይቃቸው ሁለቱ አከታትለው «ኮምፒዩተር ሳይንስ» አሉኝ። ሦስተኛዋ ጥቂት አሰብ አድርጋ «ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ» አለች። «ለመሆኑ ኮምፒዩተር ነክታችሁ ታውቃላችሁ?» ብዬ ብመለስባቸው ግን ሦስቱም ዝም አሉ።

የጠየቅኋቸው ላሳፍራቸው ብዬ አልነበረም። እኔም ከእነርሱ የተሻልሁ ብሆን በጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። መጀመሪያ ላቦራቶሪ የገባን ዕለት መምህሩ «ማሽኑን አጥፍታችሁ ውጡ» ቢሉን፣ የስክሪኑን ቁልፍ ተጭኜ መስተዋቱ ሲጨልም ኮምፒዩተሩን ያጠፋሁ መስሎኝ ወጣሁ። ጓደኞቼ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል። ሳቃቸውን አልጠላውም። የሚቆጨኝ፣ ይህ የደረሰብኝ ለትምህርቱ ያዘጋጀኛል የተባለውን ጊዜ ከጨረስሁ በኋላ መሆኑ ነው። ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ልናገር የተነሣሁት ስለዚያ የዝግጅት ጊዜ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። (ዓመቶቹ ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ናቸው።) የ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በጥቅምት 2015 ተሰጠ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ይኸውም ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። በ2017 ዓ.ም. ፈተና እንኳ ቁጥሩ ተሻሻለ ሲባል ከመቶ 8.4 ላይ ነው የደረሰው። ዩኒቨርሲቲዎች ባዶ እንዳይቀሩ፣ ልጆቹም ሜዳ ላይ እንዳይጣሉ፣ ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ዓ.ም. የአቅም ማሻሻያ ወይም በተለምዶ ሪሜዲያል የምንለውን ፕሮግራም ጀመረ። በተፈጥሮ ሳይንስ በኩል የሚሰጠው ትምህርት ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ሆነ። በመጀመሪያው ዙር ከመቶ ሠላሳው በየዩኒቨርሲቲው፣ ሰባው ደግሞ ከማእከል በሚመጣ ፈተና ተመዘነ። ሃምሳ ያመጣ ወደ ፍሬሽማን ያልፋል፤ ያላመጣ ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ይመለሳል።

ያለፈውም ቢሆን ገና መንገድ ላይ ነው። የፍሬሽማን ዓመት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ወደ መሰናዶ ትምህርት ቤት ወርዶ ከቆየ በኋላ በ2012 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመልሷል። ተማሪው ይህን ዓመት ጨርሶ በውጤቱ ተወዳድሮ ዲፓርትመንት ይደለደላል። እንግዲህ ከሐይቅ የመጣው ልጅ ኮምፒዩተር ሳይንስ ክፍል እስኪደርስ ሁለትና ሦስት በር ማለፍ አለበት ማለት ነው። በሮቹ ሁሉ ይጠይቁታል፤ ስለ ኮምፒዩተር ግን አንዱም አያዘጋጀውም። በእኔ አስተያየት ዝግጅት ብለን የሰየምነው ነገር እስከ አሁን ወንፊት ሆኖ ነው የሚሠራው። ወንፊት ይለያል እንጂ አያበስልም።

«ፍሬሽማን ላይ ስለ ቴክኖሎጂ ይማሩ የለምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ የአዳዲስ ቴክኖሎጂዎች መግቢያ የሚባል ኮርስ አለ። መጽሐፉም ስለ ዳታ ሳይንስ፣ ስለ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ፣ ስለ ኢንተርኔት ኦፍ ቲንግስና ስለ ኦግመንትድ ሪያሊቲ በየምዕራፉ ያስረዳል፤ ብሎክቼይንንም ያነሣል። ነገር ግን የብሎክቼይንን ትርጉም በቃሉ የሚወርድልኝ፣ የጻፈውን ፋይል የት እንዳስቀመጠው የማያውቅ ተማሪ በዐይኔ አይቻለሁ። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ይህን የመሰለውን ነገር አይተው ነው። ጥምጣሙ አምሮ ተጠምጥሟል፤ ከሥሩ ያለው ራስ ግን ፊደል አልቆጠረም።

ሐይቅ ላደገ ሰው የትምህርት ሥርዓት ምን እንደሆነ ከሩቅ አገር መጠየቅ አያሻውም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ትምህርት ቤት ባቆሙ ጊዜ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ ሰዎች ዓመታት ሙሉ እግራቸው ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። በቤተ ክህነቱ ትምህርት ልጅ ፊደል ሳይለይ ንባብ፣ ንባብ ሳያደላድል ዜማና ቅኔ አይገባም። በአካባቢያችን ባሉት የቁርአን ቤቶችም ልጁ በሉሑ ላይ የተጻፈለትን በሚገባ ሳይዝ ሉሑ ታጥቦ ሌላ አይጻፍለትም። በሁለቱም ቤት ደንቡ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ዐይን፣ ቀጥሎ እጅና አንደበት ይለምዳል፣ ከዚያ በኋላ ነው አእምሮ የሚራቀቀው።

ከዚህም አልፎ በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት የሚሰጠው ባሕረ ሐሳብ ራሱ ኮምፒዩተር የሚሠራበትን አሠራር የያዘ ነው ብል አላጋነንሁም። የ2018 ዓ.ም. አጽዋማት መቼ እንደሚገቡ ለማወቅ የፈለገ ሰው በ5500 ላይ 2018ን ደምሮ 7518 ያገኛል። ይህን ለ19 ሲያካፍል 13 ይተርፈዋል፤ አንዱን ለዘመን ትቶ 12ን ይይዛል፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 አባዝቶ ለ30 ሲገድፈው የሚተርፈው 12 አበቅቴ ነው። በ19 አባዝቶ ለ30 ሲገድፈው የሚተርፈው 18 መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ ከ14 በላይ ከሆነ በመስከረም፣ ከ14 በታች ከሆነ በጥቅምት ይውላል። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ምንጊዜም 30 መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ መንገድ ላይ ተሳስተሃል ማለት ነው።

እስቲ ይህን አስተውሉት። ከአንድ ቁጥር ተነሥቶ በተወሰነ ቅደም ተከተል መሄድ፣ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ፣ ካልሆነ እንዲያ አድርግ» ማለት፣ በመጨረሻም ውጤቱን በሌላ መንገድ መፈተን ከፕሮግራሚንግ ሀሁ ሌላ ምንድን ነው? ይህን በቃላቸው የሚሠሩ ደብተሮች ባሉበት አገር «የእኛ ልጆች ለኮምፒዩተር አልተፈጠሩም» ብሎ የሚናገር ሰው ቢኖር የሚያሳዝነው ራሱ ተናጋሪው ነው። የጎደለው አእምሮ አይደለም፤ አእምሮውን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኝ ድልድይ ነው። የዝግጅት ዓመት ሥራም ይህን ድልድይ መሥራት መሆን ነበረበት።

አሁን ተቃውሞዎቹን ልመልከት። አንዳንዱ «ኮርሱ ሁሉ በነጻ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል፤ ሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ትምህርትም አለ» ይላል። ዕድሉ መልካም ነው፤ የሚችል ሁሉ ይጠቀምበት። ነገር ግን ያን ትምህርት ለመከታተል መሣሪያ፣ ኢንተርኔትና የእንግሊዝኛ ንባብ ያስፈልጋል። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ በሐይቅ፣ በደሴና በኮምቦልቻ ባለፈ ጊዜ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ሳይቀር መዘረፉን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚህ ሁሉ ውስጥ አልፎ የመጣን ልጅ «ኢንተርኔት ላይ አለልህ» ብሎ ማሰናበት፣ ገበያ ላይ እህል አለ ብሎ የተራበን እንደ መሸኘት ይቆጠራል።

ሌላው «ሪሜዲያል ያለ ተማሪ ሃምሳ ማምጣት ነው የሚያስጨንቀው፤ ጊዜውን አትሻሙት» ይላል። ይህ ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ስለሆነ አልንቀውም። በእርግጥም ፈተናውን የወደቀ ተማሪ ኪቦርድ መልመዱ አያድነውም። ስለዚህ የምጠይቀው አዲስ ኮርስና አዲስ ፈተና እንዲጨመርበት አይደለም። በሳምንት ሁለት ማታ፣ በየማታውም ሁለት ሰዓት ብቻ፣ ለፈተናው የሚያጠናውን ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያግዝ ልምምድ እንዲኖረው ነው። ቀሪን በማካፈል፣ ስብስብን በመለየት፣ እውነትና ሐሰትን በሰንጠረዥ በማስቀመጥ የሚለማመድ ተማሪ ለፈተናውም ለሙያውም በአንድ ጊዜ ይዘጋጃል።

ሦስተኛው «ማሽኑ የት አለ?» ይላል። መልሱ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማሽን አይፈልጉም የሚል ነው። በእርሳስና በወረቀት ተጀምሮ ሻይ የማፍላትን ሥራ አንድም ደረጃ ሳይዘለል መጻፍ፣ የጻፉትንም ለጓደኛ ሰጥቶ ቃል በቃል እንዲፈጽም ማድረግ ይቻላል። ውሃውን ድስት ውስጥ ጨምር ማለት የረሳ ሰው ስሕተቱን ወዲያው ያየዋል። ከዚያ በኋላ አንዱን ማሽን ሦስት ተማሪ ቢጋራው አያስነውርም፤ ማብራትና ማጥፋት፣ ፋይል ማስቀመጥና መልሶ ማግኘት፣ በእንግሊዝኛም በአማርኛም መጻፍ ይለመዳል። ፊደላችን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ ከገባ ወዲህ ማሽኑ በግዕዝ ፊደል አይሠራም የሚል ሰበብ የለም። በመጨረሻው ሳምንት እያንዳንዱ ተማሪ ከላይ ያሳየሁትን የባሕረ ሐሳብ ስሌት ፕሮግራም አድርጎ ይጻፈው፤ ጥቂት መስመር እንጂ ሌላ አይፈጅበትም። ፕሮግራሙ የዓመቱን መጥቅዕ አስልቶ ሲያወጣለት ይህ ትምህርት ባዕድ አለመሆኑን ያን ጊዜ ይረዳል።

እንግዲህ ይህን ማን ያስተምረው? በዚህ ላይ ነው ለተማሪዎች ማኅበራችን አቤት የምለው። ሦስተኛና አራተኛ ዓመት የደረስን የኮምፒዩተር ተማሪዎች ማታ ማታ ካፌ ተቀምጠን የምናሳልፈውን ጊዜ እናውቀዋለን። አራት አራት ሆነን በተራ ብንመደብ ለአንዳችን በወር አንድ ወይም ሁለት ማታ ቢደርሰን ነው። ማኅበሩ የግቢውን አስተዳደር ለሁለት ማታ አንድ ላቦራቶሪ ክፍት እንዲሆን ይጠይቅ፤ ስም መመዝገቡንና ቁልፍ መረከቡን እኛ እንወስደዋለን። መምህራኖቻችንንም የምንለምናቸው ጥቂት ነገር ነው፤ በየሒሳብ ምዕራፉ ቢያንስ አንድ ምሳሌ ከኮምፒዩተር ሥራ ያምጡልን።

ይህ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዚያን ጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አንድ ዓመት ሙሉ ወደየጠቅላይ ግዛቱ ወጥተው ያስተምሩ ነበር። እነርሱ ዓመት ሰጡ፤ እኛ የምንጠየቀው በወር ሁለት ማታና በክረምት ጥቂት ሳምንት ነው። ክረምት ሲመጣ ከሐይቅ የመጣው በሐይቅ፣ ከውጫሌ የመጣው በውጫሌ፣ ከመርሳ የመጣው በመርሳ፣ አንድ ላፕቶፕና አንድ ደብተር ወረቀት ይዞ ዐሥር ልጅ ቢያስተምር ከዐሥሩ ሁለቱ እንኳ በሚቀጥለው ዓመት ላቦራቶሪ ሲገቡ የስክሪኑን ቁልፍ ተጭነው አይወጡም።

አንድ ነገር ሳልናገር ብዘጋው ኅሊናዬ አይፈቅድም። በየዶርሙ «ሪሜዲያል» የሚለው ቃል ስድብ ሆኗል። ከመቶ ዘጠና ስድስት የሚበልጠው በወደቀበት ፈተና የወደቀው ልጁ ብቻ አይደለም፤ መጽሐፍ ያላደረስንለት፣ መምህር ያላቆየንለት፣ ትምህርት ቤቱንም ከጦርነት ያላዳንንለት ሁላችን አብረን ወድቀናል። ስለዚህ በእርሱ ላይ የሚስቅ ተማሪ በራሱ እየሳቀ ነው።

ለእናንተም፣ በዝግጅት ላይ ላላችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የምለው አለኝ። ይህን ዓመት የቅጣት ዓመት አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ሪሜዲያሉ ነገ ቢቀር፣ ስሙም ቢለወጥ፣ ሳትዘጋጁ የገባችሁበት ክፍል አራት ዓመት ሙሉ ያስከፍላችኋል፤ በመጨረሻም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና በር ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ሒሳባችሁን አትጥሉ፤ በየቀኑ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ አንብቡ፤ የተከፈተ ላቦራቶሪ ስታገኙም ሳትፈሩ ግቡና ንኩ። ብታበላሹም ይጠገናል።

ማኅበራችን በሚመጣው ስብሰባ ይህን አሳብ በአጀንዳ ያስገባልን ዘንድ እጠይቃለሁ። የሚቃወም ቢኖር ተቃውሞውን በዚሁ ጋዜጣ ይጻፍ፤ የሚስማማ ደግሞ ስሙን ለተራው ያስመዝግብ። የመጀመሪያውን ማታ ለማስተማር እኔ ዛሬውኑ ተመዝግቤአለሁ።

አንድ የሐይቅ ልጅ