የፊልም ዝርዝርም እንደ ፊልሙ ይጠበቅ

በኮምፒውተር ላይ የተፈጸመ ስሕተት በአንዲት ቁልፍ ይታረማል። በመቀስ የተቆረጠ የፊልም ኔጋቲቭ ግን እንደነበረ አይመለስም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ድልድይ ሆኖ የኖረው ብዙዎች ልብ የማይሉት አንድ ሰነድ ነው፤ ይኸውም የቆረጣ ዝርዝር ነው። በዚህ ጽሑፋችን ዝርዝሩ ምን እንደሚሠራ ካስረዳን በኋላ፣ ጊዜ ያለፈበት ተብሎ መጣሉን ለምን እንደማንቀበል እንገልጻለን።

ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም በተለመደው አቀራረጽ በአንድ ጫማ ርዝመት 16 ፍሬሞች ይይዛል፤ በሴኮንድም 24 ፍሬሞች ያልፋሉ። እንግዲህ የሁለት ሰዓት ፊልም 10,800 ጫማ ርዝመትና 172,800 ፍሬሞች አሉት ማለት ነው። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1990 ባስተዋወቀው ኪኮድ በተባለው ዘዴ በኔጋቲቩ ጠርዝ ላይ ሰውም መሣሪያም የሚያነበው ቁጥር ይታተማል። አርታኢው የሚሠራው በቪዲዮ ቅጂ ላይ ሲሆን፣ ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ፍሬም ከኔጋቲቩ ቁጥር ጋር አዛምዶ ይይዛል። ሥራው ሲጠናቀቅ ዝርዝሩ ወጥቶ ለኔጋቲቭ ቆራጩ ይሰጣል።

ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ቢመስልም ጥንቃቄ ይሻል። በአሜሪካ የቴሌቪዥን ሥርዓት 4 የፊልም ፍሬሞች 5 የቪዲዮ ፍሬሞች ይሆናሉ። ይህ ጭማሪ በትክክል ካልተቀነሰ ዝርዝሩ የተሳሳተ ፍሬም ያመለክታል። ከዚህም ሌላ በኮምፒውተር አንድን ምስል ሁለት ቦታ ማስገባት ይቻላል፤ ኔጋቲቩ ግን አንድ ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ የተደገሙትን ፍሬሞች ለይቶ ካላስጠነቀቀ፣ ቆራጩ ሁለተኛው ቦታ ሲደርስ የሚያስገባው ያጣል።

ከሁሉም የሚከብደው የኦፕቲካል ውጤቶች ክትትል ነው። አንዱ ምስል እየደበዘዘ ሌላው እየጎላ የሚተካበት ሽግግር በኮምፒውተር ላይ አንድ ምልክት ብቻ ነው። በፊልም ሲሠራ ግን ሁለቱ ምስሎች በኦፕቲካል ፕሪንተር አማካይነት በአዲስ ፊልም ላይ ተደራርበው ይቀረጻሉ። የ48 ፍሬሞች ሽግግር በቁርጡ ግራና ቀኝ እኩል ቢከፈል፣ የመጀመሪያው ምስል ከቁርጡ በኋላ 24፣ ሁለተኛውም ከቁርጡ በፊት 24 ፍሬሞች ሊተርፉት ይገባል። አዲሱ ኔጋቲቭ ደግሞ የራሱ ቁጥር ስላለው በዋናው ዝርዝር ውስጥ በቀድሞዎቹ ቁጥሮች ምትክ መግባት አለበት። አንዲት አኃዝ ብትዛነፍ ጉዳቱ በማይተካው ኔጋቲቭ ላይ ያርፋል።

ዛሬ ፊልሞች በአብዛኛው በዲጂታል ካሜራ ስለሚቀረጹ ይህ ሁሉ የታሪክ ጉዳይ ነው የሚሉ አሉ። አባባላቸው ግማሽ እውነት ነው። መቀሱ ቢቀርም፣ ቅጂውን ከምንጩ የማገናኘት ግዴታ አልቀረም። የሶፍትዌር ዕድሜም አጭር ነው። አፕል ሲኒማ ቱልስ የተባለውን የፊልም ዝርዝር ማውጫ ከፋይናል ከት ፕሮ ጋር ያቀርብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ፋይናል ከት ፕሮ ኤክስ ሲወጣ ግን ሲኒማ ቱልስ ቀረ፤ አዲሱ ሶፍትዌርም በቀድሞው የተሠሩትን የአርትዖት ፋይሎች መክፈት አልቻለም። በአንጻሩ በተራ ጽሑፍ የወጣ ዝርዝር ዛሬም በማንኛውም ኮምፒውተር ይነበባል፤ በወረቀት የታተመውም ያለ ኮምፒውተር ይነበባል።

ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው። ፊልም የሚያስቀምጡ ቤተ መዛግብት ዝርዝሩንም አብረው ያስቀምጡ። ፊልም የሚሠሩ ወጣቶችም ሥራቸውን ሲያጠናቅቁ በሶፍትዌሩ ፋይል ብቻ ሳይተማመኑ ዝርዝሩን በተራ ጽሑፍ ያውጡ። ይህ ለሳይንስ ተማሪዎቻችንም የሚበጅ ትምህርት ነው፤ ውጤቱ ከየትኛው ልኬት እንደተገኘ ያልመዘገበ ተመራማሪ፣ የኔጋቲቩን ቁጥር ከጣለ አርታኢ አይለይም። ምንጩ የጠፋበት ውጤት ሊታይ ይችላል እንጂ ሊመረመርም ሆነ ሊታደስ አይችልም።