ላብ ብቻ ነውን ስፖርት?

ሰሞኑን በመመገቢያ አዳራሽም ሆነ በመኝታ ቤት አንድ ክርክር ተነሥቶ አልበርድ ብሏል። «ቆሞ ጠመንጃ የሚተኩስ ሰው ዐሥር ሺህ ሜትር ከሚሮጥ ሰው ጋራ እኩል የወርቅ ሜዳልያ ማግኘቱ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ የዒላማ ተኩስና የቀስት ውድድር የእጅ ብልኀት እንጂ ስፖርት አይደሉም፤ ከኦሊምፒክ ሊወጡ ይገባል» የሚሉ ወገኖች ድምፅ ጐልቶ ይሰማል። ከእነዚህም መካከል የምናከብራቸው መምህራን ይገኙበታል። እኛ በዚህ አሳብ አንስማማም። የማንስማማውም ለክርክር ያህል ሳይሆን፣ ይህ አስተሳሰብ በዚሁ በግቢያችን ውስጥ የሚጐዳቸው ወንድሞችና እህቶች ስላሉን ነው። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ክሱን በየተራው እንመርምር። ዘመኑንም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።

የመጀመሪያው ክስ «ተኳሽ አይደክምም፣ አያልበውም» የሚል ነው። ይህን የሚል ሰው እስቲ አንድ ከባድ መጽሐፍ በተዘረጋ እጁ ይዞ፣ እጁ ሳይንቀጠቀጥ አምስት ደቂቃ ይቁም። በዐሥር ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር ዐሥር ነጥብ የሚያሰጠው የዒላማው እምብርት ስፋቱ ግማሽ ሚሊሜትር ነው፤ በእርሳስ ጫፍ የተነጠበች ነቁጥ ማለት ነው። ጠመንጃው እስከ አምስት ኪሎ ተኩል ሊመዝን ይችላል። ተወዳዳሪው ይህን ይዞ ቆሞ ስልሳ ጊዜ ይተኩሳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ትልቁ ባላጋራው የገዛ ልቡ ነው፤ አንድ የልብ ምት አፈሙዙን ከነቁጧ ላይ ለማንሸራተት ይበቃልና። ሩጫ ልብን ማስጋለብ ነው፤ ዒላማ ደግሞ ልብን መግታት ነው። ፈረስ የሚያስጋልበውን ፈረሰኛ የምንለው ከሆነ፣ በግልቢያ ላይ ያለውን ፈረስ በልጓም ይዞ የሚያቆመውንስ ምን ልንለው ነው?

ይህ የእኛ ፍልስፍና ብቻ አይደለም፤ የኦሊምፒክ መዝገብም ይመሰክርልናል። በ1968 በሜክሲኮ፣ በኦሊምፒክ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተከለከለ ነገር ምክንያት የተሰረዘው ሰው ሯጭ ወይም ክብደት አንሺ አልነበረም። በዘመናዊ ፔንታትሎን የተወዳደረው ስዊድናዊው ሃንስ ጉናር ሊልየንቫል ነበረ። ጥፋቱም ከሽጉጥ ተኩሱ በፊት መንፈሱን ለማረጋጋት ቢራ መጠጣቱ ነው፤ ቡድኑም የነሐስ ሜዳልያውን ተቀማ። በ2008 በቤጂንግ ደግሞ የሰሜን ኮሪያው ተኳሽ ኪም ጆንግ ሱ ፕሮፕራኖሎል የተባለው መድኃኒት በሰውነቱ ስለ ተገኘ ሁለት ሜዳልያዎች ተነጠቀ። ይህ መድኃኒት የልብን ምት ያዘገያል፣ የእጅንም መንቀጥቀጥ ይቀንሳል። እንግዲህ በዒላማ ተኩስ ሥጋ የማይፈተን ቢሆን ኖሮ፣ ሥጋን የሚያረጋጋ መድኃኒት ስለምን በተከለከለ ነበር?

ሁለተኛው ክስ «የሚያሸንፈው መሣሪያው ነው» የሚል ነው። የሃንጋሪው ወታደር ካሮይ ታካች በ1938 የእጅ ቦምብ ፈንድቶ ቀኝ እጁን፣ ይኸውም የሚተኩስበትን እጅ አበላሸበት። ታካች ተኩስን በግራ እጁ እንደ ገና ከሀ ሁ ጀምሮ ተማረ፤ በ1948 በለንደን፣ ደግሞም በ1952 በሄልሲንኪ በፈጣን የሽጉጥ ተኩስ የወርቅ ሜዳልያ ወሰደ። ይህን ያደረገለት ሽጉጡ ነውን? በ2024 በፓሪስም የቱርኩ ዩሱፍ ዲኬች ሌሎች የሚጠቀሙበትን ልዩ ልዩ የዓይን መሣሪያ ሳያደርግ፣ ተራ መነጽሩን እንዳደረገ አንድ እጁን በኪሱ ከትቶ ተኰሰ፤ ከጓደኛው ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋራም የብር ሜዳልያ አገኘ። ደግሞስ መሣሪያ የሌለበት ስፖርት ስንት ነው? የእኛዋ ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨርሳ የዚያን ጊዜውን የሴቶች የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር፣ በእግሯ የነበረው በብዙ ጥናት የተሠራ ጫማ ነበር። ታዲያ ክብሩን ለጫማው እንስጠውን? ጫማው ብቻውን በርሊንን አይዞርም።

ሦስተኛው ክስ የሚያስቅ ነው፤ «ሽማግሌ የሚያሸንፍበት ጨዋታ ምን ስፖርት ነው» ይሉናል። እውነት ነው፤ ስዊድናዊው ኦስካር ስቫን በ1920 በአንትወርፕ የብር ሜዳልያ ሲያገኝ ዕድሜው 72 ነበር። እኛ ይህን እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ጸጋ እንቈጥረዋለን። ወጣትነት ለሁላችንም በውሰት የተሰጠን ነገር ነውና፣ ከእርሱ በኋላም የሚቀር ስፖርት መኖሩ ለማን ይከፋል? ከዚህም በላይ በ1976 በሞንትሪያል ወንዶችና ሴቶች በአንድነት በተወዳደሩበት የጠመንጃ ተኩስ አሜሪካዊቷ ማርጋሬት መርዶክ ከወንዱ ባልደረባዋ ጋራ በነጥብ እኩል ወጥታ የብር ሜዳልያ ተቀበለች። በ1992 በባርሴሎና ቻይናዊቷ ዣንግ ሻን በአየር ላይ የሚወረወረውን የሸክላ ዒላማ በመምታት ወንዶቹን ሁሉ አሸንፋ ወርቁን ወሰደች። ምላሹ ምን ሆነ? በ1996 ለሴቶች በዚህ ውድድር ቦታ አልነበራቸውም፤ የራሳቸው ውድድር የተሰጣቸው በ2000 በሲድኒ ነው። በዚህ ነገር ሊያፍር የሚገባው ደንብ አውጪው እንጂ ስፖርቱ አይደለም።

አራተኛው ክስ «የጥንት ግሪኮች በኦሊምፒያ ዒላማ አይተኩሱም ነበር፤ መፈክሩም ፈጥኖ፣ ከፍ ብሎ፣ በርትቶ ይላል እንጂ አነጣጥሮ አይልም» የሚል ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የጥንት ግሪኮች ያልነበራቸው ሁሉ ይውጣ ከተባለ መጀመሪያ የሚወጣው ማራቶን ነው! በጥንቱ ኦሊምፒያ ረጅሙ ሩጫ ከአምስት ኪሎ ሜትር ያልበለጠ ነበረ። የማራቶን ውድድር የታሰበው በፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ በሚሼል ብሬያል ሲሆን፣ የገባውም በ1896 በአቴና ነው። የዒላማ ተኩስም በዚያው ዓመት፣ በዚያው ከተማ ገባ። ሁለቱ በአንድ ደጅ የገቡ መንትዮች ናቸው፤ አንደኛውን ልጅ፣ ሁለተኛውን ዲቃላ የሚያሰኝ ምክንያት አላየንም። መፈክሩን ለኦሊምፒክ የመረጠው ኩበርቴንም ራሱ በ1912 በስቶክሆልም ዘመናዊ ፔንታትሎንን ሲያቆም ሽጉጥ ተኩስን ከሩጫ፣ ከዋና፣ ከሰይፍና ከፈረስ ጋራ አንድ አድርጎ አስገብቶታል። ባለቤቱ ያልጠላውን እኛ ምን አግብቶን እንጥላለን?

«እንግዲያውስ ሁሉም ነገር ስፖርት ሊሆን ነው» የሚለን ይኖራል። አይሆንም። እኛም መለኪያ አለን። ሰንጠረዥ ተጫዋች እጁ ቢታሠር «ፈረሱን ወደዚያ አንሣልኝ» ብሎ ጓደኛውን ሊያዝ ይችላል፤ ጨዋታው ምንም አይለወጥም። ተኳሽ ግን «ቃታውን ሳብልኝ»፣ ቀስተኛም «ደጋኑን ገትርልኝ» ሊል አይችልም። ሥራው ከሥጋው ተነጥሎ ለሌላ ሊሰጥ የማይቻል፣ በልምምድ የሚገኝ፣ ውጤቱም በዳኛ ስሜት ሳይሆን በመለኪያ የሚታወቅ እንደ ሆነ፣ እርሱ ስፖርት ነው። በቀስት ውድድር ዒላማው በሰባ ሜትር ርቀት ይቆማል፤ የዐሥር ነጥቧ ክብ ስፋት 12.2 ሳንቲሜትር ነው። ፍላጻው ወይ እዚያ አለ፣ ወይ የለም። ዳኛን የሚያማ የለም።

እውነቱን ለመናገር ተቃዋሚዎቻችን አንድ የሚያስከብር ነጥብ አላቸው። ጠመንጃ የመግደያ መሣሪያ ነው። በ1900 በፓሪሱ ጨዋታ ጊዜ ሕያዋን ርግቦች እየተለቀቁ ተተኩሶባቸዋል፤ ይህ ነውር ስለ ሆነ ቀርቷል፤ መቅረቱም ደግ ነው። በአገራችንም ጠመንጃ ስንት እናት እንዳስለቀሰ አንዘነጋም። ስለዚህ ጠመንጃ ወደ ግቢያችን ይግባ አንልም። የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ እርሱን ለማስረዳትም አንድ ሰው እንጠራለን።

አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም ባዶ እግሩን፣ በ1964 በቶኪዮ ደግሞ በጫማ ማራቶንን አሸነፈ። በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። በ1970 በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ተወዳደረ። እንግዲህ «ቀስት ስፖርት አይደለም» የምትሉ ሆይ፣ መልሱልን፤ አበበ በዚያን ቀን ምን ነበረ? በሮም ስፖርተኛ፣ በስቶክ ማንደቪል ተመልካች ነበረን? የገተረው ደጋን ከአፒያ መንገድ ያነሰ ወኔ ጠይቆት ነበርን? በ1984 በሎስ አንጀለስ ኒው ዚላንዳዊቷ ኔሮሊ ፌርሆል በተሽከርካሪ ወንበር ሆና ከቋሚዎቹ ጋራ በኦሊምፒክ የተወዳደረችውም በዚሁ በቀስት ነው። እግር ለከዳው ሰው ከባለ እግሮች ጋራ በአንድ መሥመር የሚሰለፍበት ደጅ ይህ ነውና፣ ደጁን የሚዘጋ ማንን እየዘጋ እንደ ሆነ ይወቅ።

በእኛ ሜዳ ዳር በየቅዳሜው በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው፣ ክራንች ተደግፈው የሌላውን ጨዋታ የሚያጨበጭቡ ጓደኞች አሉን። ለእነርሱ የቀስት መለማመጃ ይበጅ የሚል አሳብ በስብሰባ ላይ ቀርቦ «እሱማ ስፖርት አይደለም» በሚል ሳቅ ተዘግቷል። ያ ሳቅ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን። የትርጉም ክርክር የሚመስለው ነገር የሰውን ቦታ ሲወስድ ዝም ማለት አልቻልንም።

ስለዚህ የስፖርት ኮሚቴው ጉዳዩን እንደ ገና እንዲያይ እንጠይቃለን። የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ ጥቂት ደጋኖች፣ የገለባ ዒላማ፣ በስተጀርባው ከፍ ያለ የአፈር ክምር፣ ደንቡን የሚያስተምርና የሚጠብቅ አንድ አሠልጣኝ፣ በሳምንትም ሁለት ሰዓት። ለኳስና ለሩጫ ከሚወጣው ላይ ይቀነስ አላልንም፤ ከተራው ይካፈል ግን እንላለን። አሁንም ያላመነ ወንድም ወይም ያላመነች እኅት ካሉ፣ ዒላማው በተተከለ ቀን ይምጡና ዐሥር ፍላጻ ይወርውሩ። ከዚያ በኋላ ስለ ላብ እንነጋገራለን።