መርዶ ያልደረሳቸውንም እናስብ

ጦርነት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ጠመንጃና የጦር ሜዳ ነው። ለሞቱትም ሐውልት አለ። የስድስት ኪሎው ሐውልት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ የጨፈጨፈው ሰላማዊ ሕዝብ መታሰቢያ ነው። በ1977 ዓ.ም. የተመረቀው የትግላችን ሐውልት ደግሞ የወታደሮች ነው። ተገቢ ነው እንላለን። ግን እስቲ እንጠይቅ፤ በሕይወት እያሉ ቁስሉን በልባቸው ይዘው ለሚኖሩትስ ምን አለ?

ባህላችን ለሐዘን ሥርዓት አበጅቷል። መርዶ በማለዳ ይነገራል፤ እድር ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ያለቅሳል፣ ያስተዛዝናል። ልጇ በሰሜኑ ጦርነት ሄዶ የቀረባት፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላም በር በሩን የምታይ እናትስ? «እርምሽን አውጪ» እንዳይሏት ሞቱ አልተረጋገጠም፤ «ይመጣል» እንዳይሏት ማን አይቶት! እሷም እንጀራዋን ትጋግራለች፣ ገበያ ትወጣለች፤ ሰውም «ጠንካራ ሴት ናት» ብሎ ያልፋል።

ይህን ያስተማረን የማስተማር ልምምዱ ነው። በተመደብንበት ትምህርት ቤት አንድ የ3ኛ ክፍል ልጅ በየቀኑ ያንቀላፋ ነበር። ከእኛ አንዱ ተቆጥቶ ክፍሉ ፊት አቆመው። ኋላ ስንሰማ ለካ እናቱ ሌሊት ውሻ በጮኸ ቁጥር «ወንድምህ መጣ» እያለች ትነሳለች፤ ልጁም አብሯት ይነሳል። ሁላችንም አፈርን።

ስለዚህ አስተያየታችን ይህ ነው። አንደኛ፣ እድሮች መርዶ ሳይጠብቁ እነዚህን ቤቶች ይጠይቁ። ቡና ይፈላ፤ የቀረው ልጅ በስሙ ይነሳ። ሁለተኛ፣ ነገ ክፍል የምንረከብ እኛ ተማሪ ስንመዘግብ «አባትህ የት ነው?» ብለን በጓደኞቹ ፊት አንጠይቅ፤ ለብቻው ቀስ ብለን እንወቅ። የሚያንቀላፋውንም ከመቅጣታችን በፊት እንዴት እንዳደረ እንጠይቀው።

«ቁስል መነካካት ያብሳል» የሚሉን አይጠፉም። ያገራችን ሰው ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል። እነዚህ እናቶች ደግሞ የደበቁት ጠያቂ አጥተው ነው። ዝም ያልነው እኛ ነን፤ መጀመሪያ መናገር ያለብንም እኛው ነን። በሚቀጥለው ልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶቹ ስንመለስ የዚያን ልጅ ቤት ሄደን እናቱን እንጠይቅ።