ቱርቦው ሲቃጠል ሾፌር አይቀጣ

የሲሬን ስንዴ ጭኖ የሚመላለስ አይሱዙ ቱርቦው ሲበላሽ ጣት የሚቀሰረው ሾፌሩ ላይ ነው፤ «ከደመወዙ ይቆረጥ!» የሚል ባለንብረትም አይጠፋም። ዘይት መቀየሪያውን «አንድ ምልልስ ይጨምር» እያለ የሚያራዝመውስ ማነው?

የቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል፤ ሲሽከረከር የሚሸከመው ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ሞተሩ እንደጋለ ድንገት ከጠፋ ዘይቱ እዚያው ያርራል። ከዳገት በኋላ ሁለት ሦስት ደቂቃ በሚኒሞ ማቆየት የሾፌሩ ድርሻ ነው፣ አይካድም። በአጨዳ ወቅት አቧራ የጠገበውን የአየር ፊልትሮ መግዛት ግን የማን ነው? አንዳንድ ጋራዥ ደግሞ የዘይት ቱቦውን ሳያጸዳ አዲስ ቱርቦ ይገጥማል፤ ብዙም ሳይቆይ ያው ጭስ፣ ያው ፉጨት።

ባለንብረቱ ደመወዝ ከመቁረጡ በፊት ዘይቱ በስንት ኪሎ ሜትር እንደተቀየረ ያሳይ።