ጦስኙ ይጠና፣ ውሃውም ይለካ

በአንኮበሯ ጎረቤላ ብርድ ሲጠና ጦስኝ ይፈላል። በአንኮበር ደጋ መሬት ለመሬት ተንጠፍጥፎ የሚበቅለው፣ ቅጠሉን በጣት ሲያሹት ሽታው የሚያውደው ይህ ተክል በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ዝርያ ነው። ዘይቱም ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ውህዶች አሉት።

ካርቫክሮል በአርሰኒክ መርዝ ጉዳይም የተመራማሪዎችን ዓይን ስቧል። አርሰኒክ በሴል ውስጥ ካሉ ፕሮቲኖች የድኝ ክፍል ጋር ተጣብቆ ሥራቸውን ያውካል፤ ሴሉን የሚጎዱ የኦክስጅን ቅንጣቶችንም ያበዛል። በቤተ ሙከራ አይጦች ላይ ካርቫክሮል ይህን ጉዳት ሲቀንስ ታይቷል። ከእርድ የሚገኘው ኩርኩሚንም በሕንድ ምዕራብ ቤንጋል፣ በአርሰኒክ በተጠቁ ሰዎች ላይ ተሞክሮ ተስፋ ሰጥቷል።

ተስፋው እውነተኛ ነው፤ መድኃኒት ግን ገና አልሆነም።

አንድ ስኒ የጦስኝ ሻይ ለአይጥ በልክ የተሰጠውን ንጥር ውህድ አይተካም። ይባስ ብሎ፣ ውሃው አርሰኒክ ካለበት ማፍላቱ መርዙን አያጠፋውም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም መጠኑ ይጨምራል። ጣዕምም ሽታም ስለሌለው ጠጪው አያውቀውም።

በአርሰኒክ የተበከለ የጉድጓድ ውሃ የሕንድና የባንግላዴሽ ችግር ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆም የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ወሰን፣ ማለትም በሊትር ከ10 ማይክሮግራም በላይ አርሰኒክ ያለባቸው ጉድጓዶች ተገኝተዋል።

የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የደጃቸውን ጦስኝ ቢያጠኑ ለአገር ይበጃል። የውሃ ተቋማት ግን ያን ጥናት መጠበቅ የለባቸውም፤ ጉድጓድ ሲቆፈር አርሰኒኩን ይለኩ፣ ውጤቱንም ውሃውን ለሚጠጣው ሕዝብ ይንገሩ።